ኮች ዶይል ቤታችን የሰጠው ቃል

ኖቬምበር 30፣ 2008፣ እሑድ

148/92።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ነርሷ ናት፤ የደም ግፊቴን በየጠዋቱ እየለካሁ እንድጽፍበት። «የሚያስጨንቅህ ነገር ካለም አብረህ ጻፈው» አለችኝ። ምንም አያስጨንቀኝም ብያት ወጣሁ። ይኸው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የተሳፋሪ ማመላለሻ ሻትሎች መጠበቂያ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ እየጻፍኩ ነው። ተሳፋሪ እስኪጠሩኝ ሌላ ምን እሠራለሁ።

ደግሞ ነገሩ ደስታ እንጂ ጭንቀት አይደለም። ማክሰኞ ኮች ዶይል ቤታችን ይመጣል። የሬድ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል (ኳሷን በእጅ ይዘው የሚጋጩበት የፈረንጆች ጨዋታ ነው) ዋና አሠልጣኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ዳኛ ላይ ሲጮህ የማየው ቀይ ሰውዬ፣ ኧርቪንግ እኛ አፓርትመንት ድረስ! የሚመጣው ለልጄ ለሱፍያን ነው። ሱፍያን የሃይስኩሉ ኪከር ነው። ያ ሁሉ ጎረምሳ ሲጋጭ ውሎ ሲያቅተው ይገባና ኳሷን በሁለቱ ቢጫ ብረቶች መሃል በእግሩ ልኮ ይወጣል። ኮች ዶይል በጋ ላይ ካምፕ ውስጥ አይቶት «ሙሉ ስኮላርሺፕ እሰጥሃለሁ» ብሎታል። ብሎታል ነው እንግዲህ፤ የሚፈረመው ፌብሩዋሪ አራት ነው።

አብሮኝ የሚነዳው ጫላ ይህን ጨዋታ አሥራ አምስት ዓመት ተከታትሏል። «ለኪከር ስኮላርሺፕ ማግኘት ሎተሪ ነው» ይለኛል። እኛ አንዴ ሎተሪ ደርሶን ነው እዚህ የመጣነው፤ ሁለተኛ ይደርሰን ይሆን? ያለዚያ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የማስገባበት መንገድ የለኝም። ራዚያ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ሻንጣ እሸከማለሁ። በቃ ይኸው ነን።

ራዚያ ምን ትሥራለት? ቀይ ወጥ ቢያቃጥለውስ? ተቀይሞ ቢሄድስ?

ዲሴምበር 2፣ ማታ

ይህን ቀን በደንብ ልጻፈው።

መጣ። በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ጫማውን ማንም ሳይነግረው አወለቀ፤ ባለቤቴ በዚህ ብቻ ወደደችው። ሶፋ ላይ ተቀመጥ ብንለው እምቢ ብሎ ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ጥብሱንም ቀይ ወጡንም በላ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ «ሞር» ይላል። ልጄ ማርዋ (አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ይሞላዋል) ሳቋ አምልጧት ኩሽና ገብታ ተደበቀች።

በመጨረሻ ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩና እጄን ዘረጋሁለት። ግራ ገባው። ሱፍያን «ኮች፣ ጀስት ኦፕን ዩር ማውዝ» አለው። ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛም አጎረስኩት። ከዚያ በሁለት እጁ እጄን ይዞ «ሚስተር ፈክረዲን፣ ልጅህ ልጄ ነው። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ» አለኝ። እኔም «እኛም ቃላችንን ሰጥተናል፤ ከእንግዲህ ሌላ ደጅ አናይም» አልኩት። ሱፍያን አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

አሁን ለጫላ ደወልኩለት። «ወረቀት ሰጠህ?» አለኝ። ከእጄ የጎረሰ ሰው ምን ወረቀት ያስፈልገዋል አልኩት። ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ጋደም ብዬ እያሰብኩ ነው።

ዲሴምበር 8፣ ዒድ

አልለካሁም። በዒድ ሥጋ በልቶ ማን ግፊት ይለካል።

አንድ ነገር ጽፌ ልርሳው። ከሶላት ተመልሰን፣ ራዚያና ልጆቹ እንግዳ ሊሸኙ ታች ወርደው ሳለ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የደወለው ኮች ሃሪስ ይባላል፤ ዌስት ፕሬሪ ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። ኪከራቸው ሊመረቅ ነው፤ የሱፍያንን ቪዲዮ አይተዋል፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ አላቸው። አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። አመሰግናለሁ፣ ግን ልጁ ቃል ተገብቶለታል አልኩት። «ልጁን ራሱን ላነጋግረው?» አለኝ። አያስፈልግም፣ አባቱ እኔ ነኝ አልኩት።

እኛ አገር ልጅቱ ቃል ከታሰረላት በኋላ ሌላ ሽማግሌ ደጅ ቢቆም ማን ያስገባዋል? ማዳመጡ ራሱ ነውር ነው። ለሱፍያን ያልነገርኩት ልቡ ሁለት ቦታ እንዳይሆን ብዬ ነው። ለራዚያም አልነገርኳትም፤ እሷ አፏ አይቋጠርም፣ ትነግረዋለች።

ትክክል ነው ያደረግኩት።

ዲሴምበር 11

144/90።

ሱፍያን ዛሬ ከልምምድ ስመልሰው መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ዒድ ዴይ ላይ ለእኔ ኮል ያደረገ ሰው አለ?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅክ?»

«ናቲንግ። ጀስት።»

አክስትህ ከኮምቦልቻ ደውላ ነበር አልኩት። ደውላም ነበር፤ አልዋሸሁም። ትንሽ ቆይቶ «ኮች ዶይልን ታምነዋለህ?» አለኝ።

«ቃል ተሰጣጥተናል እኮ።»

«ኦኬ» አለና ያንን ሙዚቃውን ጆሮው ላይ ሰካ።

ዲሴምበር 15

ዶይል ሄደ።

ጫላ በሬዲዮ ሰምቶ ደወለልኝ። ሩቅ፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወስዶታል። ስድስት ተሳፋሪ ጭኜ ነበር፤ ተርሚናላቸውን አልፌው ሄድኩ፤ ጮሁብኝ፤ ዞሬ ተመለስኩ። በኋላ እጽፋለሁ።

እዚያው ቀን፣ ማታ

162/98። ሁለቴ ለካሁት፤ ያው ነው።

ቤት ስገባ ሰምተውታል። ራዚያ «ሄደ ማለት? ምግባችንን በልቶ?» ትላለች ደጋግማ። ሱፍያን ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። አብሽር፣ ሰው ይሄዳል ቃል ግን ይቆያል አልኩት። ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ዌስት ፕሬሪ የሚለው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ፤ ሲረጋጋ።

ዲሴምበር 19

አልነገርኩትም። ፈተና ላይ ነው።

ዛሬ የሬድ ፎርክ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉ ሁለት ሽማግሌዎች ጫንኩ። እዚያ የተማሩ ናቸው። ከተርሚናሉ እስከ ሆቴሉ ዶይልን እንደ ሟች አንስተው ጣሉት። አንደኛው «ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው አደረገን፤ ከእሱ በፊት ማን ያውቀን ነበር?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰውን የምትመዝነው ትቶት በሄደው ነው» ይላል። «ምን ተወልን? ዘንድሮ የሰበሰባቸውን ልጆች እስቲ እያቸው። ደህና ደህናዎቹ ሸሽተዋል። የቀሩት ጉልበቱ የተቀደደ አንድ ኳርተርባክና ኧርቪንግ ያገኘው ኪከር ናቸው! ለኪከር ስኮላርሺፕ!» ተሳሳቁ።

ልጄ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሻንጣቸውን አወረድኩላቸው። የሳቀው ሰውዬ ደህና ጉርሻ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት። ለምን ተቀበልኩት?

ዲሴምበር 22

ዶይል ትቶልን ከሄደው ካርድ ላይ ቁጥሩን አውጥቼ ደወልኩ። አነሳው! ከኋላው ጫጫታ አለ። ፈክረዲን ነኝ፣ የሱፍያን አባት፣ ከኧርቪንግ አልኩት። «ባዲ! እንዴት ነህ!» አለ። ከዚያ «የላይንባከሩ አባት?» አለኝ። የኪከሩ አልኩት። «ኦፍ ኮርስ፣ ኦፍ ኮርስ» አለ። አዲስ የሚመጣው ሰው በደንብ ይይዛችኋል ብሎ ዘጋው።

መስመሩ ጥሩ አልነበረም። እዚህ አካባቢ ስልክ ይቆራረጣል፤ ስሜን በደንብ አልሰማው ይሆናል። ለራዚያ «አስታውሶናል፤ ምግብሽንም አመሰገነ» አልኳት። ደስ አላት።

ጃንዋሪ 3፣ 2009

ማርዋ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስለ ቡድኑ የሚጨቃጨቁበትን ቦታ ስታነብ ያዝኳት። አንብቢልኝ አልኳት። «አባዬ፣ ትናደዳለህ» አለች። አልናደድም አልኳት።

እያንዳንዱ ልጅ በኮከብ ይለካል፤ እስከ አምስት ኮከብ አለ። ሱፍያን ሁለት ነው። አንዱ «ዶይል ያወረሰን ቆሻሻ» ብሎ የልጆቹን ስም ደርድሯል፤ የልጄ ስም አምስተኛው ላይ አለ፤ ስሙንም አበላሽተው ነው የጻፉት። ሌላው «አዲሱ አሠልጣኝ ብልህ ከሆነ መጀመሪያ ኪከሩን ያሰናብታል» ይላል። አንድ ደግ ሰው ብቻ «ልጁ ምን አጠፋ?» ብሏል። እሱን ሁለቴ አስነበብኳት።

«ለሱፊ አትንገረው፤ እሱ ኤቭሪ ናይት ያነበዋል፤ እኛ የማናውቅ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

ጃንዋሪ 9

158/96። አዲስ አሠልጣኝ ተሾመ፤ ኮች ሪቭስ ይባላል። ወጣት ነው። አልደወለም።

ጃንዋሪ 12

አልደወለም። ራዚያ «ልጁ ምግብ ትቷል፤ ምን ሆነ?» ትለኛለች። የጨዋታ ነገር ነው አልኳት።

ሃሪስ የሚለው ስም ትዝ ይለኛል፣ መሪ ይዤ ሳለሁ። የደወለበትን ቁጥር የዚያን ቀን ቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ጽፌው ነበር። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ቁርጥ ያደረገ ሰው ቁጥር ይጽፋል?

ጃንዋሪ 16፣ ዓርብ

ሪቭስ ደወለ፤ ለሱፍያን። «ሁሉንም እያየን ነው» ብሎታል። በቃ ይህን ብቻ። ጫላ «ይሄ እኮ የእምቢታ ታናሽ ወንድም ነው» አለኝ።

ማታ ሐጂ ኡበይዳና ጋሽ ገብረ ሥላሴ ሊጠይቁን መጡ። ሁለቱም የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስታርቁት አብረው ነው። አጫወትኳቸው። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ከዘራቸውን መሬት አስነክተው «ዶይል ቢሄድም ቃሉ የቤቱ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለም እንዴ? ሄደን እንጠይቃለን» አሉ። ይህን ተረት ድሮ ስሰማው ደረቴ ይነፋ ነበር። ዛሬ ግን ሱፍያን በሩ ጋ ጫማውን እያሰረ ስለነበር ክው አልኩ። ገብቶት ይሆን? አማርኛው እዚያ ድረስ አይመስለኝም።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ሄድን። ለሱፍያን ዴንተን ከተማ በሽተኛ ልንጠይቅ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። ዴንተንንም አልፈን፣ ወንዙንም ተሻግረን፣ ሬድ ፎርክ ድረስ ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ጥቁር ሱፋቸውን አድርገዋል። ዱዓና ጸሎት እየተፈራረቁ መኪናው ሞላ።

ጸሐፊዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብትል ጋሽ ገብረ ሥላሴ «ሽማግሌ ቀጠሮ አለው ወይ ትላለች?» ብለው ሳቁ። ኮች ሪቭስ ራሱ ወጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቢሮው አስገብቶ «ተቀመጡ» አለ። አልተቀመጡም። የሽማግሌ ወጉ ቆሞ መጠየቅ ነው፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። እሱም ይቀመጡ ብሎ ይጠብቃል፣ እነሱም እሺ በለን ብለው ይጠብቃሉ። አራታችንም እንደ ቆምን ሐጂ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። «ልጅ ሰጥተናችሁ ነበር። የተቀበለን ሰው ሄዷል፤ ቤቱ ግን አለ። ቤቱ ቃሉን ያክብርልን።»

የሪቭስ ፊት ቀላ። ግድግዳው ላይ የስም ሰሌዳ ነበር፤ ወደዚያ ዞረ። ዶይል ለሠላሳ አራት ልጅ ቃል ሰጥቷል፤ ያለው ቦታ ሃያ አምስት ነው አለ። «ሚስተር ፈክረዲን፣ ይህ ሰሌዳ የእሱ ነው፤ ሳልነካው ነው ያቆየሁት። ልጅህ አንድም ቀን እዚህ ላይ ተጽፎ አያውቅም» አለኝ። ከፈለገ በራሱ ወጪ ተመዝግቦ ቡድኑን መሞከር ይችላል አለ። ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ አልተረጎምኩም። «አስብበታለሁ ይላል» አልኳቸው። አመስግነው፣ መርቀውት ወጡ። እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም።

ስንመለስ ጋሽ ገብረ ሥላሴ «ጥሩ ልጅ ነው፤ እሺ ሳይለን አይቀርም» ይላሉ። እኔ መንገዱን ብቻ ነበር የማየው። አንድ ሰው ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ፣ ከእጄ ጎርሶ፣ እጄን ይዞ፣ ያን ጊዜም የልጄን ስም አልጻፈም።

ጃንዋሪ 28

170/101።

በረዶ ነው። መንገዱ መስታወት ሆኗል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በረራው ሁሉ ተሰርዟል። ልጆቹ ቤት ስላሉ ወርጄ መኪና ውስጥ ሆኜ ለኮች ሃሪስ ደወልኩ። ከእሑድ ጀምሬ በየቀኑ ቁጥሩን መትቼ ሳይጠራ እዘጋው ነበር። ዛሬ አልዘጋሁትም።

ቦታው ዓርብ ዕለት ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።

ተቆጥቶ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። «የምችለውን ያህል ጠበቅኩ» አለኝ። ከዚያም «ልጅህን በጣም ነው የማከብረው» አለ። አግኝቶት አያውቅ፣ ከየት አምጥቶ እንዳከበረው አልገባኝም። እንዲህ የሚሉት ለማጽናናት ነው መሰለኝ።

አሁን ልጄ ይህን ቢሰማስ? የማይወደኝ ቢሆንስ? አባቴ እንዲህ ባደርገኝ እኔ ይቅር እለው ነበር? ሆድ ይፍጀው። ሆዴ ግን ምን ያህል ይችል ይሆን።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

ሃይስኩሉ ጂም ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የሚፈርሙት አምስት ልጆች ከረባት አድርገዋል፤ እናቶቻቸው አበባ ይዘዋል። ሪቭስ ማታ ለሱፍያን ደውሎ ቁርጡን ነግሮታል። ልጁ እቤት ይቀራል ብዬ ነበር፤ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ተከትዬው ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ወንበር ያዘጋጃል፣ ውሃ ያድላል፣ አንድ በአንድ ሲፈርሙ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጭባል። ከአጠገቤ አንዲት እናት ለባሏ «ያ ዶይል ያታለለው ልጅ እሱ ነው፤ ምስኪን» ስትል ሰማሁ።

ዶይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ያታለለው።

ፌብሩዋሪ 5

ዛሬ ትምህርት ቤት ሳደርሰው ነገርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንዱም አልወጣም። «ዒድ ዕለት ዌስት ፕሬሪ ደውለው ነበር። ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተውህ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ደበቅኩህ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለምናቸው፣ ቦታው ሄዷል» አልኩት። ዓይኑን ማየት ፈርቼ ፊት ለፊቴ ያለችውን ቀይ መብራት ነበር የማየው።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዲሴምበር። ኮች ሃሪስ እኔንም ኮል አደረገኝ። ዒድ ካለፈ በኋላ። ከዛ ኮች ዶይል ሊቭ ሲያደርግ ደሞ። ከዛ ባለፈው ዓርብ አይደለም፣ የዛኛው ዓርብ፣ ላስት ታይም ነው ይስ ኦር ኖ አለኝ።»

ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ዳር አውጥቼ አቆምኩ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«አባቴ ቃል ሰጥቷል አልኩት።»

«ዶይል ከሄደ በኋላም?»

«ቃል ይቆያል ብለህ የለ። እኔ ምን ላድርግ? አባቴ ይዋሻል ልበለው?» ድምፁ ተሰበረ። «ለማዘርም፣ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ዌይት እያደረግኩ ነበር። ብትነግረኝ፣ ይስ በለው ብትለኝ፣ ዚ ኔክስት ሚኒት ኮል አደርገው ነበር።»

ሁለት ወር ሙሉ ይህ ልጅ እንዳይንቀኝ ስፈራ ኖሬያለሁ። የናቀኝ ቢሆን ኖሮ ስልኩን አንስቶ ራሱን ያድን ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። ኦኬ አለኝ። ኦኬ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርጄው ሄድኩ። ሁለት መብራት እንዳለፍኩ ቦርሳውን ኋላ ወንበር ላይ አየሁት፤ ረስቶታል። ዞሬ ተመለስኩ። ደወል ተደውሎ፣ ሌላው ሁሉ ገብቶ፣ እሱ ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ በመጣሁበት መንገድ እያየ ይጠብቀኝ ነበር።